ኢንዛይም ነዳጅ አይደለም፦ ስለ ሴል ኬሚስትሪ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሴል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካላዊ ለውጦችን ስለሚያፋጥኑት ሞለኪውሎች፣ ስለ ኢንዛይሞች፣ አሠራር ለጠቅላላ አንባቢ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ ደርሶኝ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው ከባድ የሆነውን ርእሰ ጉዳይ ለብዙኃኑ ለማቅረብ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ያለ ኢንዛይም ሕይወት እንደማይኖር፣ የሰውነታችን ኬሚስትሪ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለብታ ውስጥ ይህን ያህል ፈጥኖ መከናወኑም አስደናቂ እንደሆነ የጻፉት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የቆመበት መሠረታዊ ሐሳብ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ኢንዛይምን የሴል ነዳጅ አድርገው ያቀርቡታል፤ ከዚህም ተነሥተው ኢንዛይም ለሞለኪውሎች ኃይል እንደሚሰጥ፣ ሥራውን ሲፈጽም እንደሚያልቅ፣ በተፈጥሮ ሊሆን የማይችለውን አጸግብሮት እንደሚያስችል፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር እንደሚፈጥን፣ በመጨረሻም ያለቀው ኢንዛይም በምግብና በክኒን መተካት እንዳለበት ይነግሩናል። አጸግብሮት ስል ንጥረ ነገሮች ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡበትን፣ በተለምዶ ሪአክሽን የምንለውን ሂደት ማለቴ ነው። እነዚህ ድምዳሜዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ በመሆናቸው የመጀመሪያው ሲሳሳት ሌሎቹም አብረውት ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ከሥሩ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ነዳጅ የሚሠራው ራሱ ነድዶ ነው። በውስጡ የተከማቸውን ኃይል ያወጣል፤ ያንን ኃይል ሌላው ይጠቀምበታል፤ ነዳጁም ያልቃል። ኢንዛይም ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። በሴል ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ማንም ሳይገፋቸው ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይጋጫሉም፤ ነገር ግን ግጭት ሁሉ አጸግብሮት አይወልድም። አንድ ሞለኪውል ወደ ሌላ ለመለወጥ፣ አሮጌ ትስስሮቹ ተለጥጠው ሊበጠሱ ሲሉ፣ አዲሶቹም ገና ሳይጠኑ፣ እጅግ አጭር ለሆነ ቅጽበት ያልተረጋጋ ቅርጽ መያዝ አለበት። ይህን ቅርጽ ኬሚስቶች የሽግግር ደረጃ ይሉታል፤ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ የማስነሻ ኃይል ይባላል። ነገሩ እንደ አቀበት ነው፦ ማዶ ያለው ሥፍራ ከዚህኛው ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ አቀበቱን ያልወጣ አይሻገርም። ስኳር ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ብዙ ኃይል ሊያወጣ የሚችል ሆኖ ሳለ ዕቃ ውስጥ ለዓመታት እንዳለ የሚቆየው ይህ አቀበት ስለሚያግደው ነው።

እንግዲህ አጸግብሮትን ለማፋጠን ወይ ተጓዦቹን ማበርታት፣ ማለትም ማሞቅ፣ ወይም አቀበቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኢንዛይም የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። ጸሐፊው ልዩነቱን የቃላት ምርጫ ብቻ አድርገው እንዳይወስዱት በቁጥር ላስረዳ። ኬሚስቱ ስቫንተ አሬኒዩስ በ1889 ካቀረበው ቀመር እንደምንረዳው፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማስነሻ ኃይሉ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን በሚቆጥሩበት መለኪያ) 5.7 ኪሎጁል ያህል በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ 10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አቀበቱ በ34 ኪሎጁል ያህል ዝቅ ቢል ፍጥነቱ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ ይህም በኢንዛይሙና በሞለኪውሉ መካከል የሚፈጠሩ ጥቂት ደካማ ትስስሮች ሊሸፍኑት የሚችሉት መጠን ነው። ያንኑ አንድ ሚሊዮን እጥፍ በማሞቅ እናግኝ ብንል ግን፣ በየ10 ዲግሪው ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል የሚለውን የተለመደ ግምት ይዘን 200 ዲግሪ ያህል መጨመር ይኖርብናል። ሴሉ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይቀቀላል። ከዚህም በላይ ሙቀት አይመርጥም። የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም አጸግብሮት ሁሉ በአንድነት ያፋጥናል። ኢንዛይም ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ አማራጮች አንዱን መንገድ ብቻ ያቀናል፤ በእኔ አመለካከት የሕያው ሴል ትልቁ ምስጢር ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ምርጫ ነው፤ ኃይል ሰጪ የሚለው ገለጻም ይህን ፈጽሞ ይሸፍነዋል።

ኢንዛይም ሠርቶ ያልቃል የሚለውን ለመመርመር በቀይ የደም ሴሎቻችን ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ካርቦኒክ አንሃይድሬዝን እንውሰድ። ሥራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ጋር አገናኝቶ ወደ ባይካርቦኔት መለወጥ ነው። የዚህ ኢንዛይም አንድ ሞለኪውል በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይለውጣል። ኢንዛይሙ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑ 260 ያህል አሚኖ አሲዶች በተርታ ተያይዘው የተሠራ ትልቅ ፕሮቲን ነው። በእያንዳንዱ አጸግብሮት አንድ ኢንዛይም የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስት አቶሞች ያሏትን አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ለመለወጥ ሴሉ ይህን ሁሉ አሚኖ አሲድ በየጊዜው እንደ አዲስ መገጣጠም ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ምንም ሴል የማይችለው ወጪ ነው። እውነት ነው፣ ኢንዛይሞች ዘላለማዊ አይደሉም። እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ያረጃሉ፤ ሴሉም አፍርሶ በአዲስ ይተካቸዋል። ነገር ግን ማርጀትና በሥራ ላይ ማለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተጎዳ ዲኤንኤን ከሚጠግኑ ፕሮቲኖች መካከል፣ ከዲኤንኤው ላይ ያነሣውን የሜቲል ጭፍራ፣ ማለትም አነስተኛ የአቶሞች ስብስብ፣ በራሱ አካል ላይ አጣብቆ ዳግመኛ የማይሠራ አንድ ፕሮቲን አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ብዙ ተመራማሪዎች ኢንዛይም መባሉ አግባብ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ በዚህ መስክ «ኢንዛይም» የሚለው ቃል አለማለቅን በትርጉሙ ውስጥ የያዘ በመሆኑ ነው።

ቀጥሎ ጸሐፊው ኢንዛይም ሞለኪውሉን የሚቀበለው ቁልፍ በመቆለፊያ እንደሚገባ ነው፤ የመፍጠኑም ምክንያት ይኸው ልክክ ማለቱ ነው ይላሉ። ምሳሌው የኬሚስቱ የኤሚል ፊሸር ሲሆን የቀረበውም በ1894 ነው። ፊሸር ሊያስረዳ የፈለገው ኢንዛይም ለምን አንዱን ስኳር ተቀብሎ ሌላውን እንደማይቀበል ነበርና ምሳሌው ለዚያ ጥሩ ነው። ለፍጥነት ግን አይሆንም፤ እንዲያውም በጥብቅ ከተያዘ ወደ ተቃራኒው ድምዳሜ ይወስዳል። ኢንዛይሙ ሊለወጥ የመጣውን ሞለኪውል እንዳለ ፍጹም ገጥሞ ቢይዘው፣ ሞለኪውሉ በዚያው ቅርጹ ይረጋጋል፤ የተረጋጋ ነገር ደግሞ ለመለወጥ ይበልጥ ይከብደዋል። የአቀበቱ ከፍታ ሳይቀንስ መነሻው ጎደጎደ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ኢንዛይም ሙጫ ቢሆን እንጂ አፋጣኝ አይሆንም።

ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በ1930፣ ላይነስ ፖውሊንግም በ1946 የጠቆሙት መልስ ሌላ ነው። ኢንዛይም አጥብቆ የሚይዘው የሽግግር ደረጃውን፣ ማለትም በመለወጥ ላይ ያለውን፣ ግማሽ መንገድ የተጓዘውን ቅርጽ ነው። መጀመሪያ የመጣውን ሞለኪውል በመጠኑ ይይዘዋል፤ ሞለኪውሉ ወደ ሽግግሩ በተጠጋ መጠን አያያዙ ይጠብቃል፤ ውጤቱ ሲገኝ ደግሞ ይላላና ይለቀዋል። አቀበቱን ዝቅ የሚያደርገው ይህ መጥበቅ ነው። ኢንዛይሙ ከራሱ ኃይል አወጣ እንዳንል፣ በትስስሩ ጊዜ የተገኘው ኃይል ውጤቱ ሲለቀቅ ተመላሽ ስለሚሆን በዙሩ መጨረሻ ኢንዛይሙ እንደነበረ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ሐሳብ የቀረቡት ማስረጃዎች የሚያረኩ ናቸው። የሽግግር ደረጃው ራሱ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ስላለው ሊያዝ አይችልም፤ ኬሚስቶች ግን እርሱን የሚመስሉ፣ ነገር ግን የማይለወጡ ሞለኪውሎችን ሠርተዋል። ኢንዛይሞች እነዚህን ከተፈጥሯዊው ሞለኪውል በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች እጥፍ አጥብቀው ይይዟቸዋል። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነው ኦሴልታሚቪር የተነደፈው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ቫይረሱ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም የሚያግደው የሽግግር ደረጃውን በመምሰል ነው። በ1986 ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር ታየ። የሽግግር ደረጃን የሚመስሉ ሞለኪውሎችን አጥብቀው እንዲይዙ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት፣ በተፈጥሯቸው ኢንዛይም ሳይሆኑ አጸግብሮቱን ማፋጠን ጀመሩ። የማፋጠን ምንጩ ነዳጅነት ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ሊገኝ አይችልም ነበር።

መቆለፊያ የሚለው ምሳሌ ሌላም ጉድለት አለበት፤ መቆለፊያ ግትር ነው፣ ኢንዛይም ግን ይተጣጠፋል። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 እንዳመለከተው ብዙ ኢንዛይሞች ሞለኪውሉ ሲገባ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉኮስ ሲገባለት ሁለቱን ክንፎቹን ገጥሞ ይዘጋበታል። መዘጋቱም ምክንያት አለው፦ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ውሃ ገብቶ ለግሉኮስ የታሰበውን የፎስፌት ጭፍራ ሊወስድበት ይችል ነበር።

ጸሐፊው ሞለኪውሉ በሚገባበት በኢንዛይሙ ጎድጓዳ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሳይነግሩን ማለፋቸው ያሳዝነኛል፤ ትምህርቱ የሚጣፍጠው እዚያ ነውና። ወደ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ልመለስ። በጎድጓዳው ወለል ላይ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሦስት ሥፍራ ሆኖ አንድ የዚንክ አዮን ይዟል፤ ዚንኩም በተራው አንድ የውሃ ሞለኪውል ይዟል። ተራ ውሃ ፕሮቶኑን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶሙን፣ በቀላሉ አይለቅም፤ ከዚንክ ጋር የተያዘው ውሃ ግን አሲድም አልካሊም ባልሆነ አካባቢ እንኳ በቀላሉ ይለቃል። ፕሮቶኑ ሲወጣ የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ፈጥኖ የሚያጠቃ ቅርጽ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አጠገቡ ባለው ምቹ ሥፍራ በትክክለኛው አቅጣጫ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ባይካርቦኔቱ ይለቃል፤ ሌላ ውሃ በዚንኩ ላይ ይቀመጣል፤ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግፊያ የለም፤ ያለው አቀማመጥና መሰናዶ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች ዘዴያቸው ይለያያል፤ ገሚሶቹ ፕሮቶን ያቀብላሉ ወይም ይቀበላሉ፣ ገሚሶቹ ከሞለኪውሉ ጋር ለጊዜው ጠንካራ ትስስር ይፈጥራሉ፣ ብዙዎቹም እነዚህን አጣምረው ይጠቀማሉ።

ኢንዛይም የማይቻለውን ያስችላል የሚለው ነጥብ ግማሽ እውነት አለውና በጥንቃቄ ልከፋፍለው። በጊዜ ረገድ ከተመለከትነው ጸሐፊው ሩቅ አልሄዱም። የዲኤንኤና የቅርብ ዘመዱ የአርኤንኤ ግንባታ ክፍሎችን በማዘጋጀት ሂደት ውስጥ የሚሠራ ኦሮቲዲን ሞኖፎስፌት ዲካርቦክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በ1995 የታተመ ልኬት እንዳሳየው፣ ይህ ኢንዛይም የሚያከናውነው አጸግብሮት በክፍል ሙቀት ለብቻው ቢተው ከሞለኪውሎቹ ግማሹ እስኪለወጡ 78 ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል። ከእርሾ የተገኘው ኢንዛይም ግን ይህንኑ በሰከንድ 39 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለተመለከተ ሰው «የማይቻል» የሚለው ቃል ከአፉ ቢወጣ አልፈርድበትም።

በአቅጣጫ ረገድ ግን ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው። ኢንዛይም የመነሻውንም ሆነ የመድረሻውን ከፍታ አይነካም፤ የሚነካው በመካከል ያለውን አቀበት ብቻ ነው። አቀበቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ከወዲያ ለሚመጣውም ዝቅ ይላልና ኢንዛይም የመሄጃውንም የመመለሻውንም መንገድ በእኩል ያፋጥናል። አጸግብሮቱ የሚያርፍበት ሚዛን ኢንዛይም ኖረም አልኖረም ያው ነው፤ የሚለየው እዚያ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ለዚህ ከራሳችን ደም የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በሰውነት ሥጋ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል፤ ደሙ ሳንባ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ እየወጣ ስለሚቀንስ ያው ኢንዛይም ባይካርቦኔቱን መልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። አቅጣጫውን የሚወስነው የንጥረ ነገሮቹ መጠን ነው፤ ኢንዛይሙ ለሁለቱም ያው በር ነው። ደም በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የሚቆየው በዕረፍት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሲሆን፣ አጸግብሮቱ ያለ ኢንዛይም ብዙ ሰከንዶች ይፈጃል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ሳይለወጥ ፍጥነቱ ብቻ ቢጠፋ መተንፈሳችን ለሰውነታችን ፍላጎት አይበቃም ነበር።

ጸሐፊው ሴል ቁልቁል ብቻ ሳይሆን ሽቅብ የሚሄዱ አጸግብሮቶችንም እንደሚያካሂድ ጠቅሰው ይህን ለኢንዛይም ነዳጅነት ማስረጃ አድርገውታል። ምልከታው ልክ ነው፣ የኃይሉ ምንጭ ግን ተቀያይሯል። ግሉኮስ ላይ ፎስፌት መጨመር በመደበኛ ሁኔታ በአንድ ሞል 13.8 ኪሎጁል የሚጠይቅ ሽቅብ ጉዞ ነው። በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመላልሰው ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ሲሰነጠቅ ደግሞ 30.5 ኪሎጁል ያወጣል። ሄክሶካይኔዝ ሁለቱን አጣምሮ እንደ አንድ አጸግብሮት እንዲከናወኑ ያደርጋል፤ ጠቅላላው ድምር 16.7 ኪሎጁል የሚወርድ ቁልቁለት ይሆናል። ከፋዩ ኤቲፒ ነው፣ የሚያልቀውም እርሱ ነው። በሴል ውስጥ ነዳጅ የሚባል ነገር ከተፈለገ ስሙ ለኤቲፒና ለግሉኮስ ይስማማል እንጂ አገናኝ ለሆነው ኢንዛይም አይሰጥም።

ስለ ሙቀት የተነገረውን በአጭሩ ልለፈው። ሙቀት ሲጨምር የኢንዛይም ፍጥነት የሚጨምረው እስከ አንድ ወሰን ነው። የፕሮቲኑን ቅርጽ የያዙት ትስስሮች ደካማ ስለሆኑ ከወሰኑ በላይ ይፈታሉ፤ ጎድጓዳውም ይፈርሳል። ወሰኑ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ በአሜሪካ ባሉት የየሎውስቶን ፍል ውሃዎች ከተገኘውና በ1969 ከተገለጸው ቴርመስ አኳቲከስ ከተባለው ባክቴሪያ የሚወጣው ዲኤንኤ ገልባጭ ኢንዛይም በ70 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይሠራል፣ ወደ 95 ዲግሪ ደጋግሞ መሞቅንም ይችላል። የአሲድነት መጠንም እንዲሁ ነው፦ የጨጓራው ፔፕሲን ጠንካራ አሲድ ይወድዳል፣ የአንጀቱ ትሪፕሲን ግን ለዘብ ያለ አልካሊ ይፈልጋል። ብርድ ኢንዛይምን ይገድላል መባሉም ትክክል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያዘገየዋል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ሥራውን ይቀጥላል።

ኢንዛይሞች ሁሉ ፕሮቲን ናቸው፣ ሁሉም እጅግ ፈጣን ናቸው የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮችም መታረም አለባቸው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤም እንደ ኢንዛይም ሊሠራ እንደሚችል በማሳየታቸው በ1989 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ፕሮቲን በሚገጣጠምበት የሴል ክፍል፣ በራይቦዞም፣ ውስጥ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው ክፍልም አርኤንኤ ነው። ስለዚህ ፕሮቲኖች ራሳቸው የሚሠሩት ፕሮቲን ባልሆነ አፋጣኝ ነው። ፍጥነትን በሚመለከት ደግሞ፣ ዕፅዋት ከአየር ካርቦን የሚይዙበት ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም በሰከንድ የሚሠራው ጥቂት ሞለኪውሎችን ብቻ ነው። ዕፅዋት ይህን ዝግመት የሚያካክሱት ኢንዛይሙን በቅጠላቸው ውስጥ በእጅጉ በማብዛት ነው።

የቀረው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ አንባቢን ወደ ገበያ ስለሚልክ። ጸሐፊው ኢንዛይም ስለሚያልቅ ካልተቀቀሉ ምግቦችና ከክኒኖች እየወሰድን ልንተካው እንደሚገባ ይመክራሉ። መነሻው መሳሳቱን ከላይ አሳይቻለሁ፤ የሚተካበት መንገድም ቢሆን የለም። በተክል ውስጥ ያለው ኢንዛይም ለተክሉ ሥራ የተሠራ ነው። ስንበላው ለጨጓራችን ከማንኛውም ፕሮቲን አይለይም፤ አሲዱ ቅርጹን ይፈታዋል፣ ፔፕሲንና የአንጀት ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፣ ወደ ደም የሚገባውም በአብዛኛው አሚኖ አሲድ ሆኖ ነው። ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ እንዲህ ያለ ግዙፍ ሞለኪውል የሴልን ሽፋን አልፎ ሥራ ወደሚጠብቅበት ቦታ አይገባም። ሴሎቻችን የሚያስፈልጓቸውን ኢንዛይሞች በዲኤንኤ በተጻፈው መመሪያ መሠረት ራሳቸው ይሠራሉ።

የሚጠቅሙ የኢንዛይም መድኃኒቶች መኖራቸውን አልክድም። ቆሽታቸው በቂ ኢንዛይም የማያመነጭ ሕመምተኞች ከጨጓራ አሲድ በሚከላከል ልባስ የተሸፈነ ኢንዛይም በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳሉ፤ የወተት ስኳር የማይስማማቸው ሰዎችም ይህን ስኳር የሚሰብረውን ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጠቀማሉ። ሁለቱም ግን የሚሠሩት በምግብ ቱቦ ውስጥ በምግቡ ላይ እንጂ በሴል ውስጥ አይደለም። ሴል ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ በ1934 የገለጸውን ሕመም፣ ፌኒልኬቶኑሪያን፣ መመልከት ይበቃል። ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ በጉበት የሚለውጠው ኢንዛይም በውርስ ይጎድላቸዋል፤ አሚኖ አሲዱም እየተጠራቀመ አንጎላቸውን ይጎዳል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዋናው መከላከያ ፌኒልአላኒን የቀነሰበት ልዩ አመጋገብ ነው፤ እርሱም በሕፃንነት መጀመርና ለዓመታት በጥብቅ መጠበቅ አለበት። የጎደለው ኢንዛይም ተውጦ የሚተካ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ወላጆች ልጃቸው በየቀኑ የሚወስደውን ፕሮቲን በግራም እየመዘኑ ባልኖሩ ነበር።